በዚህ በጋ ልጆቻችሁን ዓውደ ርእይ አሳዩ

አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ የዘመድ ጥየቃ ወቅት ነው። ከእነዋሪና ከአካባቢዋ ብዙ እናቶች ለገና፣ ለጥምቀት ወይም በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይመጣሉ። አንዷን ሕክምና፣ ሌላዋን የሠርግ ዕቃ ግዢ፣ ሌላዋን የወለደች እኅት ያመጣታል። ጉዳዩ ሲያልቅ ግን ልጆቹ ከገበያና ከመኪና ግርግር ሌላ ምንም ሳያዩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በዚህ በጋ ከጉዟችሁ ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ቀንሳችሁ ለዓውደ ርእይ እንድታውሉት እንመክራችኋለን። በአዲስ አበባ የምትኖሩ ሠራተኛ እኅቶችም ብትሆኑ ምክሩ ይመለከታችኋል፤ ቅርብ ያለን ነገር ሳያዩ መክረም ያለ ነውና።

«ሥዕል ማየት የተማረና የተረፈው ሰው ሥራ ነው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ እናቶች እስቲ በቤታችሁ ያለውን መሶብ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ስንደዶውንና አክርማውን ለቅማ፣ አለላውን ቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች የሰፋችው እናት ንድፉን በወረቀት አልሣለችውም። ሐረጉ የት ጀምሮ የት እንደሚገጥም፣ ክዳኑ ሲደፋ ቀለሙ ከታችኛው ጋር እንዴት እንደሚስማማ በልቧ ቆጥራ ነው የጨረሰችው። በትምህርት ቤት ዲዛይን የሚባለው ሙያ ይኸው ነው። እንግዲህ ዓይናችሁ ቀድሞውኑ የሠለጠነ ስለሆነ ዓውደ ርእይ ስትገቡ እንግዶች አይደላችሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። በዚያ የተሰበሰቡት የባህል ዕቃዎች የተደረደሩት የሰውን ልጅ ዕድሜ ተከትለው፣ ከሕፃንነት እስከ ሞት ባለው ቅደም ተከተል ስለሆነ ለእናቶችና ለልጆች የሚመች ነው። አሮጌ ሥዕለ አድኅኖዎችና መስቀሎችም አሉበት። ልጃችሁን «ይህን የመሰለ በአያትሽ ቤት አላየሽም?» ብላችሁ ጠይቁ። የራሷን ቤት ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ያየች ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ጓዳውን በሌላ ዓይን ታየዋለች።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ስትሉ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ልጆች በ1967 ዓ.ም. በአፋር የተገኘችውን ድንቅነሽን ለማየት መቸኰላቸው አይቀርም፤ እናንተ ግን የአገራችንን ሠዓሊዎች ሥራ ወዳሰባሰበው ክፍል ሳትወጡ አትመለሱ። ጊዜ ካላችሁም በሠዓሊውና ገጣሚው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኙ። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ብዙ ሠዓሊዎችን ያፈራ ነው። ሥዕል የሚወድ ልጅ ያላት እናት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩን ብታውቅ ልጇ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሲሥል «ቀለም አታባክን» ብላ አትቆጣም ይሆናል።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ የሚያኮራ ሥራ አለ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት በአንኮበር ነው። በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል ትምህርት ተመለሱ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ሲሆን፣ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግሏንና የነገ ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። ሕንፃው ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ስፍራው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሆነ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንና ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ጠይቁ። ትንንሽ ልጆችን ምሳ ሳታበሉ አታስገቡ፤ የራበው ልጅ ምንም አያይም። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክሩ፤ አንድ ሙዚየም ይበቃል። ልጁ የወደደውን አንድ ነገር መርጦ ማታ ለአባቱ ወይም ለአያቱ ይንገር።

በጉብኝታችሁ ጊዜ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም ተጽፏል። በመሶቡ፣ በአገልግሉና በጥልፉ ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት የአገሩን ስም ነው፤ የሠሪዋ ስም የለም። ይህ የሙዚየም ጥፋት ብቻ አይደለም። ዕቃው ከቤት ሲወጣ ማን እንደ ሠራው የጻፈ ባለመኖሩ ነው። ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ በየቤቱ ገብቶ ሰፌድ የምትሰፋ ልጅ እያነሰች ስትሄድ፣ ሙያው ከነባለሙያዎቹ ስም ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ለማስቀረት ብዙ ገንዘብ አያሻም። በእነዋሪ ያላችሁ እናቶች ከመምህራን ጋር ተነጋግራችሁ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ብትጠይቁ፣ እያንዳንዷ ከቤቷ አንድ ዕቃ ብታመጣ ዓውደ ርእይ ሆነ ማለት ነው። መሶብ፣ ባና፣ ጥልፍ፣ ጀበና፣ ያለው ሁሉ ይምጣ። ልጆቹ በንጹሕ ወረቀት ላይ የሠሪዋን ሙሉ ስም፣ የሠራችበትን ዓመትና ሙያውን ከማን እንደተማረች ይጻፉ። ይህ ባይሆንላችሁ እንኳ እናታችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ፣ ስማቸውን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ፣ ከመሶቡ ክዳን ውስጥ በኩል ስፉት።