ማታ የሚጮኸው ፌንጣ ማንን ይጠራል?

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲረዝም፣ በላስታ ደጋ ማታ ማታ የሚሰማ ድምፅ አለ። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ዋሻና ከጽዱ ደን አንስቶ እስከ እርሻው ዳር፣ ከብቱ ከገባ በኋላ «ጭርር፣ ጭርር» ይላል። ጯሂው ጥቁር ወይም ቡናማ ፌንጣ ነው። ቀን ከድንጋይ ሥር ወይም ከመሬት ስንጥቅ ተደብቆ ይውላል። በዚህ ጽሑፍ የሌሊት ፌንጣ እንበለው።

የሚጮኸው ወንዱ ነው። ድምፁ ግን ከአፉ አይወጣም። አንዱ ክንፉ እንደ ሞረድ ጥርስ አለው። የሌላው ክንፉ ጠርዝ ደረቅ ነው። ሁለቱን ሲያፋትጋቸው ይጮኻል።

ሴቷ ዝም ትላለች። ዝም ትበል እንጂ ትሰማለች። ጆሮዋ የት ያለ ይመስላችኋል? ራሷ ላይ አይደለም። በሁለቱ የፊት እግሮቿ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ነው! ድምፁ በቀኙ ጆሮ ከበረታ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ በግራው ከበረታ ወደ ግራ። እንዲህ እያለች በጨለማ ከጯሂው ትደርሳለች። አንዱ ጆሮዋ ከጠፋ ግን አቅጣጫው ይጠፋባትና ክብ ትዞራለች።

የሚጠራት ድምፁ ነው ወይስ ሽታው? ሬገን የተባለ ተመራማሪ በኦስትሪያ አገር ይህን ፈተነ። ውጤቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ወንዱን በአንድ ክፍል፣ ሴቷን በሌላ ክፍል አኖረ። በመካከላቸው ስልክ ዘረጋ። ወንዱ ሲጮህ ሴቷ ወደ ስልኩ መስሚያ ሄደች! ወንዱ አጠገቧ የለም፣ ሽታውም የለም። ድምፁ ብቻ በሽቦ መጣላት።

ታዲያ ለማንኛውም ጩኸት አትሄድም። የፌንጣ ዘር ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምት አለው። እሷ የምትከተለው የዘሯን ምት ነው። ብርድ ደሞ ምቱን ይለውጠዋል። የደጋ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ። ሲበርድ ወንዱ ቀስ ይላል፤ ሲሞቅ ይፈጥናል። የሚገርመው፣ በተመረመሩ አንዳንድ ዘሮች ሴቷም አብራ ትለወጣለች። በብርድ ጊዜ የምትመርጠው ቀስ ያለውን ነው። ያለዚያማ ብርድ በመጣ ቁጥር ባልተገናኙ ነበር።

ከተገናኙ በኋላ ሴቷ ርጥብ አፈር ትፈልጋለች። ከኋላዋ እንደ ወስፌ የሾለ ቀጭን ነገር አላት። እሱን አፈር ውስጥ ሰክታ እንቁላሏን ትጥላለች። ሴቷን ከወንዱ የምትለዩትም በዚሁ ነው።

መጮህ ግን አደጋ አለው። ጠላትም ይሰማል። በአሜሪካ አንዲት ዝንብ አለች፤ ጩኸቱን ተከትላ ትመጣና ትሎቿን ትጥልበታለች። ትሎቹ ሆዱ ገብተው በሕይወቱ ይበሉታል። ይህች ዝንብ ከውቅያኖሱ መካከል ካሉት የሃዋይ ደሴቶችም ገብታለች። ከደሴቶቹ በአንዷ፣ በካዋይ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሄዱ አብዛኞቹ ወንዶች ዝም ብለው አገኟቸው። ክንፋቸው ተለውጦ እንደ ድሮው መጮህ አይችልም። ዝንቧ አታገኛቸውም፤ ሴቷም አትሰማቸውም። ምን ያድርጉ? ገና ከሚጮኸው ወንድ አጠገብ ሄደው ይቀመጣሉ። እሱ ይጠራል፤ እነሱ መንገድ ላይ ይጠብቃሉ።