መርዙ ሳይገዛ ወገቡ ይታይ

የግንቦት ዝናብ ጥሎ ባባራበት ምሽት አምቦ ውስጥ መብራት የበራበት በረንዳ ሁሉ በአሸን ይሞላል። ጠዋት ክንፉ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይጣላል፣ የተረፈውን ዶሮ ይለቅመዋል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ክንፉ የተገኘው በረንዳ ላይ ከሆነ መረሳቱ አይጎዳም፤ ብርሃን ከሜዳ ስቦ ያመጣው ነው። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ባደረ ጓዳ ውስጥ፣ መቃኑ ሥር ተከምሮ ከተገኘ ግን አሸኑ የወጣው ከቤቱ ከራሱ ነውና ዝም ማለት አይገባም።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የእርሻ መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ «የጉንዳን መድኃኒት ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ምን ዓይነት ጉንዳን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያለውን ያነሳለታል። ገንዘብም ጤናም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ጉንዳንና ምስጥ በዘር አይገናኙም፤ ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ሲሆን ምስጥ የሚዛመደው ከበረሮ ጋር ነው። ጉንዳን ቤት የሚገባው ምግብ ፍለጋ ነው። ምስጥ የሚበላው ደግሞ ቤቱን ነው። ለአንዱ የሚበጀው ዘዴ ለሌላው ከንቱ ድካም ይሆናል።

ለመለየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። አንዱን ይዞ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ወገቡን ማየት ይበቃል። የጉንዳን ወገብ ሊበጠስ የደረሰ እስኪመስል ቀጭን ነው፤ አንቴናውም መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ምስጥ ወገብ የሚባል ነገር የለውም፤ ደረቱና ሆዱ አንድ ወጥ ነው፣ አንቴናውም እንደ ዶቃ በተደረደሩ ጥቃቅን አንጓዎች የተሠራ ቀጥ ያለ ነው። የተያዘው ክንፍ ያለው ከሆነ ክንፎቹን ማስተያየት ነው። አራቱም እኩል ከሆኑ ምስጥ፣ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ከረዘሙ ጉንዳን ነው። የምስጥ ክንፍ ቶሎ ስለሚረግፍ ነው ጠዋት ክንፉ ብቻውን ተከምሮ የሚገኘው።

ወገቡ ቀጭን ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ቀላል ነው። ስኳር ዕቃውን፣ የማሩን ጠርሙስ፣ የተደፋውን ለስላሳ ያገኘ ጉንዳን ወደ ጎጆው ሲመለስ መንገዱ ላይ ሽታ ያለው ምልክት እየተወ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ያንን ሽታ ተከትለው ይሰለፋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት የሳሙና ውሃና ጨርቅ ነው፤ ሰልፉ የሄደበትን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ማጠብ። ቀጥሎ ስኳሩን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማድረግና የገቡበትን ስንጥቅ መድፈን ይመጣል። በሰልፉ ላይ ፍሊት መንፋት የሚገድለው ምግብ ፍለጋ የወጡትን ጥቂቶቹን ነው። ንግሥቲቱና የቀረው መንጋ ግድግዳ ውስጥ ወይም ግቢው ድንጋይ ሥር ናቸው፤ በማግሥቱ ሌሎች ይልካሉ። መርዝ የግድ ከሆነ የሚሻለው ጉንዳኑ ራሱ ተሸክሞ ወደ ጎጆው የሚወስደው ነው፤ ለምሳሌ 1 በመቶ ያህል ቦሪክ አሲድ የተጨመረበት የስኳር ውሃ። ከዚያ ከበረታ ጉንዳኑ ጎጆው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ልፋቱም ከንቱ ይቀራል። እሱንም ቢሆን ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ገብረ ጉንዳን ሌላ ነው። እሱ ስኳር አይፈልግም፤ የሚያድነው ነፍስ ያለውን ነው። አንድ ቦታ ጥቂት ሰንብቶ ሠፈሩን ይለውጣል፣ በሌሊት በሰልፍ መጥቶ የዶሮ ቤት ይወርራል፣ ጫጩት ይጨርሳል። ከሁሉ የሚያማርረው ንብ አናቢውን ነው። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ጉንዳን በንብ መንጋና በማር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠኑትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀፎ የተወረረበት ገበሬ ንቡም ማሩም ነው የሚሄድበት። ቀፎውን ከመሬት ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አድርጎ በእግሮቹ ዙሪያ አመድ መነስነስ፣ እንደ ድልድይ የሚያገለግለውን ሣርና ቅርንጫፍ መቁረጥ ነባር ዘዴ ነው፤ ይሠራልም። ቤት ውስጥ የገባ ገብረ ጉንዳን ደግሞ የሚበላውን በረሮና ትኋን በልቶ ሲያበቃ ራሱ ይወጣል። ሕፃኑንና የታሰረውን እንስሳ ከዚያ ማራቅ እንጂ ሌላ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም።

ወገብ የሌለው ከተገኘ ግን ሥራው ረዥም ነው።

ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ምስጥ የት እንደሚበረታ ከመኪና ሳይወርድ ማየት ይችላል። ጊንጪ አካባቢ መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ኩይሳ ተረጋግቶ አይቆምበትም። ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ ኢጃጂና ወደ ባኮ ሲወረድ አፈሩ ይቀላል፣ አየሩም ይሞቃል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,650 ሜትር ላይ የሚገኘው ባኮ ሲደረስ ኩይሳ ማሳ መሐል፣ ግጦሽ ላይ፣ አጥር ጥግ ይታያል። ምስጡን የአካባቢው ገበሬ ሪርማ ይለዋል። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በአገሪቱ ስንት ጎተራ የሞላ ዘር ነው፤ እዚያው በተወለደበት አካባቢ ግን ምስጥ አገዳውን ከሥሩ ቆርጦ መሬት ሲያስተኛው ይታያል።

ማሳውን የሚያጠቃው ምስጥ ቤቱንም አይምርም። በዚህ አገር አብዛኛው ቤት ባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተደርጎ፣ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎበት የሚቆም ነው። ለምስጥ ሁለቱም ቀለብ ናቸው። ቋሚውን ከውጭ ላየው ሰው ቀለሙ እንኳ አልተነካም። በካራ ጫፍ ሲወጉት ካራው ያለ ትግል ይሰምጣል፣ ሲስቡትም እርጥብ ቀይ አፈር ይዞ ይወጣል። ምስጡ እንጨቱን እየበላ ቦታውን በአፈር ይሞላዋል፤ ግድግዳው ተደግፎ የሚቆመውም በዚያ አፈር ነው። ባለቤቱ የሚነቃው ብዙ ጊዜ በር አልገጥም ሲል ወይም ጣሪያው በአንድ በኩል ዘመም ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልፏል።

ቀድሞ ለመንቃት የሚያግዝ ምልክት አለ። የምስጥ ገላ ስስ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር አይችልም፤ ስለዚህ ከመሬት ተነስቶ ግድግዳ ሲወጣ እርሳስ የሚያህል የአፈር መሿለኪያ እየሠራ ነው። ይህ መሿለኪያ መሠረቱ ላይ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በአልጋ እግር ላይ ሲታይ ብዙዎች ጠርገውት ያልፋሉ። ከመጥረግ ይልቅ ጣት የሚያህል ቦታ ብቻ ሰብሮ በማግሥቱ ማየት ይሻላል። ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ ሥራ ላይ ነው።

የመሿለኪያው መነሻ ኩይሳ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከላይ ምንም ምልክት በሌለው ጎጆ ከመሬት በታች ነው። ኩይሳ የሚሠራው ትልቁ ምስጥ የሚበላውን እንጨትና ገለባ በራሱ አይፈጨውም፤ ጎጆው ውስጥ በሚያለማው ሻጋታ ያስፈጨዋል። በክረምት ኩይሳ ላይ የሚበቅለው፣ ሰዎች የሚለቅሙት እንጉዳይ ከዚሁ ሻጋታ የሚወጣ ነው። መሐሉ ላይ ከደረቅ ጭቃ በተሠራ ክፍል ውስጥ ንጉሡና ንግሥቲቱ አብረው ይኖራሉ። ንግሥቲቱ ሆዷ አብጦ የጣት ያህል ትሆናለች፣ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ኩይሳ ቆፍሮ እሷን ማውጣት የቆየ ዘዴ ነው፤ ብዙ ጉልበት ቢጠይቅም የማከብረው ዘዴ ነው። ችግሩ አንዳንድ ጎጆ ከአንድ በላይ ንግሥት ስላለው ቁፋሮው ሁልጊዜ አይሳካም፤ ከላይ ምልክት የሌለውን ጎጆ ደግሞ የት ብለው ይቆፍሩታል?

ስለዚህ ሰው ወደ መርዝ ይሄዳል። በአንድ ወቅት ለምስጥ ትልቁ መፍትሔ አልድሪን ነበር። አፈር ውስጥ ለዓመታት የማይጠፋና በሰውና በእንስሳ ስብ ውስጥ የሚከማች በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት የመጀመሪያዎቹ ኬሚካሎች አንዱ ሆነ። ከእሱ በኋላ የተተካው ክሎርፓይሪፎስም እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያው ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ተርታ ገብቷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የኬሚካሉ ስም ብቻ አይደለም። የእርሻ መርዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ስሙም መጠኑም ሳይጻፍበት ቤት ይገባል፤ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ወለል ላይ ይረጫል፤ የተረፈው ጓዳ ውስጥ ከዘይቱ አጠገብ ይቀመጣል። ምስጥ ቤትን በዓመታት ነው የሚጥለው። ውሃ መስሎት ከዚያ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ሌላ መንገድ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። በዕፅዋት ጥበቃ ሥራው የታወቀው የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ነፍሳትን በሚገድሉ ሻጋታዎች ላይ ሲሠራ የቆየ ነው። ሜታራይዚየም የተባለው ሻጋታ ምስጡን ቆዳው ላይ አርፎ ወደ ውስጥ በመዝለቅ ይገድለዋል። ምስጥም ዝም ብሎ አይሞትም፤ እርስ በርሱ እየላሰ ሻጋታውን ያራግፋል፣ የሞተውን በአፈር ይቀብራል። ሻጋታውን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ኩይሳ ውስጥ ማሸነፍ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

እስካሁን ከሁሉ የሚያዋጣው መከላከያ ያለው በግንበኛው እጅ ነው። ቋሚውን መሬት ቆፍሮ ከመትከል ይልቅ በሲሚንቶ ከታሰረና ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ካለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ምስጡን ወደ ገላጣ ያወጣዋል፤ ለመውጣት መሿለኪያውን ድንጋዩ ላይ መሥራት ስላለበት ይታያል። በመሠረቱና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ማድረግ ደግሞ ይበልጥ ያስቸግረዋል። መሠረት ሲቆፈር የተገኘ የዛፍ ጉቶና ሥር ተነቅሎ መውጣት አለበት፤ ወለል ሥር የተቀበረ ጉቶ ምስጥን ቤት መጋበዝ ነው። የጥድና የወይራ መሐለኛው እንጨት ምስጥን እንደሚቋቋም አባቶች ያውቁ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥድ የቀረው እንደ ጪሊሞ ባሉ ደኖች ነው፣ እሱም ለቋሚ ተብሎ የሚቆረጥ መሆን የለበትም። ባሕር ዛፉን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ጥቂት ጊዜ ያቆየዋል፤ ነገር ግን ዘይቱ የእንጨቱን ገጽ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከዝናብ ጋርም ወደ አፈሩና ወደ ጉድጓድ ውሃው ይወርዳል።

ቆሞ ላለ ቤት ደግሞ፦ ግድግዳ ተደግፎ የተከመረውን ማገዶና ገለባ ማራቅ፣ የጣሪያው ውሃ ግድግዳ ሥር እንዳይተኛ ቦይ ማውጣት፣ የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጦ በኮንክሪት እግር መተካት። በግንቦት አሸኑ ከወጣ በኋላና በጥቅምት ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ባትሪ ይዞ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም መዞር፣ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርጎ ጀርባውን ማየት፣ ካራውንም መቃኑ ሥር መሞከር ነው።