ውጭ አገር ኤቲኤም ፊት ስትቆሙ የቱን ትጫናላችሁ?

የመጀመሪያ የውጭ ጉዞዬ ዱባይ ነበር። ኤርፖርት እንደደረስኩ ለታክሲና ለሲም ካርድ ብዬ ካርዴን ኤቲኤም ውስጥ ከተትኩና 1,000 ድርሃም አዘዝኩ። ማሽኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ አመጣ፦ ከካርድህ 289 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ትስማማለህ? ከስሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ «አክሴፕት»፣ ሌላው «ዲክላይን»። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ሻንጣዬ እግሬ ስር ነው፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። «ዲክላይን» ካልኩ ገንዘቡን የሚከለክለኝ መሰለኝና «አክሴፕት»ን ተጫንኩ።

በዚያች አንድ ንክኪ ከ17 ዶላር በላይ ከሰርኩ። ዴይራ ሰፈር ሁለት ሦስት ምሳ የሚያበላ ገንዘብ ነው።

እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ የድርሃም ሂሳብ ቀላል ስለሆነ ነው። ኤምሬትስ ገንዘቧን ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዶላር ጋር አስራዋለች፤ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፣ አለቀ። ስለዚህ 1,000 ድርሃም 272 ዶላር ከ29 ሳንቲም ገደማ ነው። ማሽኑ ግን ዶላሬን በ3.45 ነው የመነዘረው። ልዩነቱን የበሉት የማሽኑ ባለቤትና አብሮት የሚሠራው መንዛሪ ናቸው። ሌብነት እንዳልለው ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አሳይቶኛል፣ እኔም ተስማምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ይዘነው የምንወጣው የውጭ ምንዛሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ዶላር የተሞላበት ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ደግሞ የአገሩ ገንዘብ፣ ድርሃም፣ ሊራ፣ ዩሮ ወይም ሽልንግ ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ መመንዘሩ አይቀርም፤ ጥያቄው ማን ይመንዝረው ነው። «ዲክላይን ኮንቨርዥን» ወይም «ዊዝአውት ኮንቨርዥን» የሚለውን ስትጫኑ ገንዘብ ማውጣቱን አልሰረዛችሁም። ያላችሁት «አንተ አትመንዝርልኝ፣ ድርሃሙን ብቻ ስጠኝ» ነው። ያኔ ምንዛሪውን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በራሱ ዋጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ከገበያው ብዙም አይርቅም። «አክሴፕት» ካላችሁ ግን ማሽኑ ትርፉን ጨምሮ በራሱ ዋጋ ይመነዝርላችኋል። አንዳንዱ ማሽን እምቢ ስትሉት «እርግጠኛ ነህ?» እያለ በሌላ አነጋገር ደግሞ ይጠይቃል። እርግጠኛ ናችሁ። ደግማችሁ እምቢ በሉት።

ሱቅ ውስጥም ያው ነው። እንዲያውም እዚያ የሚብሰው ካሸሩ ሳይጠይቃችሁ ዶላሩን ሊጫንላችሁ መቻሉ ነው። ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት «በድርሃም» በሉት። የፖስ ማሽኑ ስክሪን ላይ ዶላር ካያችሁ ፒናችሁን ሳታስገቡ አስቁሙት።

ከምንዛሪው ሌላ ሁለት ዓይነት ክፍያ አለ። አንዱን የሚያስከፍለው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይነግራችኋል፣ ካልተመቻችሁ ሰርዛችሁ ወደ ሌላ ማሽን መሄድ ትችላላችሁ። ሁለተኛውን የሚቆርጠው የራሳችሁ ባንክ ነው። እሱ ስክሪኑ ላይ አይታይም፣ በኋላ ሂሳባችሁ ላይ ነው የምታገኙት። ካርዱን ስትረከቡ ውጭ አገር አንዴ ሳወጣ ስንት ይቆረጣል፣ በመቶኛስ ስንት፣ በቀን እስከ ስንት ማውጣት ይቻላል ብላችሁ ጠይቁ። በእያንዳንዱ ማውጣት ላይ ቋሚ ክፍያ ካለ ቆንጠር ቆንጠር ማድረግ ያከስራል። ለምሳሌ ክፍያው 5 ዶላር ቢሆን፣ አራት ጊዜ 50 ዶላር ያወጣ ሰው 20 ዶላር ይከፍላል፤ 200ውን አንዴ ያወጣው 5 ብቻ።

በነገራችን ላይ፣ በየቀኑ የምትጠቀሙበት የብር ካርድ ላዩ ላይ የቪዛ ምልክት ስላለው ብቻ ውጭ አገር ይሠራል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ለጉዞ የሚሰጠው ካርድ ሌላ ነው፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ሄዳችሁ የምታወጡት። ፒኑንም እዚያው ባንክ ሳላችሁ ጨርሱት።

ክሬዲት ካርድስ? እኛ ጋ ብዙም የለም፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። በክሬዲት ካርድ ዕቃ መግዛትና ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ሰማይና ምድር ናቸው። ዕቃ ገዝታችሁ በቀኑ ከከፈላችሁ ወለድ የለም። ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ ግን ባንኩ እንዳበደራችሁ ነው የሚቆጥረው፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፣ በላዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ይጨመራል። 200 ዶላር ላይ 10 ዶላር ማለት ነው፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ለጥሬ ገንዘብ ዴቢት፣ ለሆቴልና ለዕቃ ክሬዲት የሚሉት ለዚህ ነው።

ሆቴል ካልኩ አይቀር፦ ብዙ ሆቴሎች ስትገቡ ለመያዣ ብለው ካርዳችሁ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያግዳሉ። ክሬዲት ካርድ ላይ ብዙም አያስጨንቅም። የእኛ ካርድ ላይ ግን ያለው የሞላነው ብቻ ነው። 300 ዶላር ይዛችሁ 100ው ቢታገድ በእጃችሁ ያለው 200 ነው፤ ከሆቴሉ ከወጣችሁም በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ መያዣ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ካርድ መዋጥ ነው። በተቻለ መጠን የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ያለ ማሽን ምረጡ፣ በሥራ ሰዓት። ካርዱ ከተዋጠ በሩን አንኳኩታችሁ የምታናግሩት ሰው ይኖራል። መንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ማሽን ግን ማንን ትጠይቁታላችሁ?

ካርዱ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ወዲያው ማዘጋት አለባችሁ፤ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የባንኮቻችን አጭር የጥሪ ቁጥሮች፣ እነዚያ ሦስትና አራት አሃዝ የሆኑት፣ አገር ውስጥ ለመደወል የተሠሩ ናቸው። ከውጭ አገር ሲም ብትደውሉባቸው ባንካችሁን አታገኙም። ከመሄዳችሁ በፊት በ+251 የሚጀምረውን ሙሉ ቁጥር ከባንኩ ተቀበሉ። ስልካችሁ ላይ ብቻ አትመዝግቡት፣ ወረቀት ላይም ጽፋችሁ ከካርዱ ለይታችሁ ያዙት፤ ቦርሳ የወሰደ ሌባ ስልኩን አይተውላችሁም።