ተልባ ከጠጣን በኋላ ገና ሥራ አለ

እኛ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ተልባ የማያውቅ ቤት የለም። በጾም ፍትፍት ይሠራበታል፤ ጨጓራ ያስቸገረው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል። የዛሬው ጽሑፌ ተልባው ከጨጓራ ካለፈ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ተልባ ሊግናን በሚባል ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸገ ነው። ሰውነታችን ግን ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። ሥራው የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ነው። አንዱ ዝርያ የተጣበቀበትን ስኳር ያላቅቃል፣ ሌላው የተረፈውን ይለውጣል፤ በመጨረሻም ኢንትሮዳዮልና ኢንትሮላክቶን የሚባሉ ውህዶች ተሠርተው ወደ ደም ይገባሉ። ኢንትሮላክቶን በሰው ሽንት ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች መሆናቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቅሙስ? ካረጡ በኋላ የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች የተከታተሉ ጥናቶች፣ ኢንትሮላክቶን በደማቸው ከፍ ያለባቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ አግኝተዋል። ይህ ተልባ ካንሰር ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ሕክምናን አይተካም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ፣ ከ2,700 በላይ ፊንላንዳውያንን ባካተተ ጥናት፣ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ኢንትሮላክቶናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከወሰዱት ዓመት ገደማ የሆናቸው ጭምር። እኛ ደግሞ ጉንፋን በያዘን ቁጥር ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን እንገዛለን። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም፤ የሚጎዳው እነዚያን የአንጀት ባክቴሪያዎች ነው።

ስለዚህ፦

1. ተልባውን አመስ አድርጋችሁ ውቀጡት ወይም አስፈጩት። ሽፋኑ ያልተሰበረ ፍሬ እንዳለ ተመልሶ ይወጣል።

2. ሊግናኑ የሚበዛው በገለባው ነው። ስታጠልሉት ከታች የሚቀረውን ሁሉ አትድፉት።

3. ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ከማዕዳችሁ አይጥፋ። ባክቴሪያዎቹ ከጥራጥሬ ፋይበር ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ፤ እሱም የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው።

4. አንቲባዮቲክ ሐኪም ሲያዝላችሁ እንደታዘዘው ውሰዱ። ሳይታዘዝ አትግዙ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት አትስጡ።

ጉንፋን በያዘው ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጥ ዘመድ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አድርሱልኝ።