ጥንቸሏና የጓሮው ጎመን

ለልጆች ማጫወቻ ተብላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ የገባች ጥንቸል፣ ሳምንት ሳይሞላት የጓሮውን ጎመንና የጽጌረዳውን ለጋ ቅጠል ስትጨርሰው አባወራው መቆጣቱ አይቀርም። እኛ አገር ጥንቸል በአብዛኛው ለድስት ስለማትታሰብ፣ ጥፋቷን በሥጋዋ የምታካክስበት ዕድል እንኳ የላትም። ይሁንና ነገሩ ጥጋብ አይደለም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ማደጉን አያቆምም፤ የሚሞረደውም ሣር በማኘክ ነው። አንጀቷም አሰር ያለው ምግብ ዘወትር ካልገባበት ሥራው ይስተጓጎላል። ስለዚህ ጠዋት ከመልቀቅዎ በፊት ድርቆሽ እንደ ልቧ ይስጧት።

ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። በርበሬ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨትም ክረምት ላይ ልፋት ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል። አስተማማኙ መደቡን በሽቦ ማጠር ነው። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ቁመቱም ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከታች ነው። ጥንቸል ቆፋሪ ስለሆነች ሽቦው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል መቀበር፣ ጫፉም ወደ ውጭ፣ ማለትም እሷ ወዳለችበት በኩል፣ መታጠፍ አለበት።

ከጎመኑ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የእንስሳዋ ሕይወት ነው። በግቢዎቻችን የተለመደው የአቮካዶ ቅጠልና ለአጥር የሚያገለግለው የወፍ ቆሎ ለጥንቸል መርዝ ናቸው። የቲማቲምና የድንች ቅጠልም አይስማማትም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ሳትበላ፣ በጠጥም ሳትጥል ከዋለች «ነገ ይሻላታል» ሳይሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።