ስልኩን ያታለለው ገደል ማሚቶ

ታናሽ ወንድሜ ኩታበር ውስጥ ከአንድ ገደል ሥር ምሳ ዕቃ ደበቀና ሁለት ቁጥር ላከልን፤ አንዱ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ከነሽርፍራፊው፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ከነሽርፍራፊው። ቅዳሜ ጧት ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ከደሴ ተነስተን በቦሩ ሜዳ በኩል ሄድን። ስልኩ ደርሳችኋል ባለን ቦታ ያገኘነው ግን የታጨደ የገብስ ማሳ ብቻ ነበር። ከብት የሚጠብቁ አዛውንት ጠጋ ብለው «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ምንም አልጠፋብንም አባባ፤ የተደበቀ ዕቃ እየፈለግን ነው።»

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። ድብብቆሽ ነው፤ የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ፈላጊውም ከሳተላይት ምልክት በሚቀበል መሣሪያ ይመራል። ያገኘ ሰው በውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ጽፎ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ቀድሞ አሜሪካ የእነዚህን ሳተላይቶች፣ የጂፒኤስን፣ ምልክት ለሲቪሎች ሆን ብላ ታዛባው ስለነበር፣ ስሕተቱ 100 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ይፋ አደረገ፤ በቀናት ውስጥም ተገኘ። ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ስልኩ ርቀትን የሚለካው በሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ይናገራሉ። መልእክቱ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሰከንድ መቶኛ እጆች ይፈጅበታል፤ ስልኩ ይህን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። የሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል። ለቦታ ሦስት ሳተላይት ይበቃ ነበር፤ የስልካችን ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ስላልሆነ እሱን የሚያርም አራተኛ ያስፈልጋል። አንስታይን እንዳስተማረን ደግሞ የሳተላይቱ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስሕተቱ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየተከማቸ፣ በሁለት ቀን ከኩታበር እስከ ደሴ ያለውን ርቀት ያህል ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ ለማስላት ኔትወርክም ዳታም ግድ አይደለም፤ ስልኩ ያዳምጣል እንጂ ወደ ሳተላይቱ አይደውልም።

ታዲያ ለምን ሳትን? ትንሿ ልጄ አጎቷን ስትጣራ ገደሉ መልሶ ጠራ። መልሱ እዚያው ነበር። የሳተላይቱም ምልክት ከገደል ግድግዳ ነጥሮ ይመጣል፤ የነጠረው ረጅም መንገድ ስለተጓዘ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ስልኩም ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። ገደሉ የሰማዩን ግማሽ ስለሚጋርድም የሚታዩት ሳተላይቶች በአንድ ወገን ብቻ ይቀራሉ። ገላጣ ሜዳ ላይ ስሕተቱ አምስት ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ገደል ሥር ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ቁጥሩን የመዘገበውም እዚያው ገደል ሥር ቆሞ ነውና ስሕተቱ የሁለታችንም ነበር።

ስልኩን ኪስ ከትተን በዓይናችን ፈለግን። ምሳ ዕቃው በሃያ እርምጃ ርቀት ባለ የድንጋይ ካብ ውስጥ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተወሽቆ ነበር። ልጆቹ እየጮኹ ስማቸውን ጻፉ፤ አዛውንቱም ሳቁ።

ለመደበቅ ለሚያስብ ሰው ምክሬ ከሸንተረር ላይ፣ ሰማዩ ከሚታይበት ቦታ እንዲጀምር ነው። ቁጥሩንም በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ይመዝግብና አማካዩን ይውሰድ። ከድሮው የካርታ ሥራ ድርጅት ወረቀት ካርታ ቁጥር አንብቦ እንዳለ ወደ ስልኩ ማስገባት ግን አይሆንም። ያ ካርታ አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በአካባቢያችን ከስልኩ ቁጥር ከ100 ሜትር በላይ ይለያል፤ በኩታበር ያ ማለት የገደሉ ማዶ ነው።

ዕቃው ውስጡን የሚያሳይ ይሁን፤ በላዩም የልጆች ጨዋታ መሆኑ በአማርኛ ጎላ ብሎ ይጻፍበት። የማሳውን ባለቤትና የቀበሌውን ሰው አስቀድማችሁ አማክሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢውን አዳርሶታል፤ ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፦ የማታውቁትን ብረት አትንኩ፤ ካያችሁም ወደኋላ ተመልሳችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ።