“ቅድመ ክፍያ” አይደለም፣ ቀብድ ነው

የዛሬው ነገር የፕሮግራምን ስክሪን ከፋይል አንብቦ ስለሚጭን ላይብረሪ ነው። የምጀምረው ግን ከሽንኩርት ነውና ታገሱኝ።

አጎቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ይነግዳል። ከቀወት ገበሬዎች እየገዛ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ሒሳቡ ለዓመታት የኖረው ጠርዙ ባለቀ ደብተር ላይ ነበር። እኔ ስመረቅ “በል እንግዲህ የተማርከውን አሳየን” አለኝ። ሁለት ወር ለፍቼ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ጻፍኩለት።

ከፍቼ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ።

“ይሄ ‘አቅራቢ’ የምትለው ማነው?”

“ገበሬው ነው ጋሼ።”

“ታዲያ ገበሬ አትልም? ይሄስ ‘ቅድመ ክፍያ’?”

“ለገበሬው አስቀድመህ የምትሰጠው ብር።”

“እሱማ ቀብድ ነው። ቅድመ ክፍያ የሚለው የመንግሥት ወረቀት ነው።”

ልክ ነበር። ችግሩ ቃላቱ ኮዱ ሆድ ውስጥ መቀበራቸው ነው። “ቅድመ ክፍያ” የሚለው በአምስት ቦታ ተጽፏል፤ ለቅሞ ማረም፣ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ በፍላሽ ይዞ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ። ብርዳሙን ጣርማ በር አልፌ ደብረ ሲናን ወርጄ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የገባሁት ሁለት ቃል ለመቀየር ነበር። ስደርስ ደግሞ ሦስተኛ ቃል ጠበቀኝ።

መናኸሪያ ቆማችሁ ሚኒባስ አይታችኋል። ጠዋት “ደብረ ሲና” የነበረው ታፔላ ከሰዓት “አጣዬ” ይሆናል። ረዳቱ ታፔላውን ይገለብጣል እንጂ ማንም ሞተር አያወርድም። እኔ ታፔላውን ሞተሩ ላይ በይጄው ነበር።

ለዚህ መፍትሔ የተገኘው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ጂቲኬ በሚባለው የስክሪን መሥሪያ ላይብረሪ ለሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ግሌድ የሚባል መሣሪያ ወጣ፤ መስኮቱን፣ በተኑን፣ የጽሑፍ ሳጥኑን በማውስ እየጎተቱ ይደረድሩበታል። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሄንስትሪጅ ደግሞ ሊብግሌድ የተባለችውን ትንሽ ላይብረሪ ጻፈ። ሥራዋ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ ግሌድ ያስቀመጠውን የኤክስኤምኤል ፋይል አንብባ ስክሪኑን እዚያው ትገነባለች። ፋይሉ ውስጥ “ይህ በተን ሲነካ እገሌ የሚባለውን ተግባር ጥራ” ተብሎ ከተጻፈ፣ የፕሮግራሙን ሆድ ፈትሻ በስሙ ታገኘዋለች። (በሲ ስትሠሩ ያ ስም ከውጭ እንዲታይ ለሊንከሩ መንገር አትርሱ። እኔ ረስቼ አንድ ሙሉ ቀን የማይሰማ በተን ስጫን ዋልኩ።)

ፈቃዷ ኤልጂፒኤል ነው። “ነጻ” የሚባለው ሶፍትዌር “በነጻ” ከሚባለው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ላይብረሪዋን ራሷን አሻሽዬ ለሌላ ከሰጠሁ የተሻሻለውን ኮድም አብሬ መስጠት አለብኝ፤ የአጎቴን የሒሳብ ፕሮግራም ኮድ ግን ለዓለም እንድገልጥ ማንም አያስገድደኝም።

ሊብግሌድ ዛሬ ጡረታ ወጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጂቲኬ 2.12 ሥራዋን ጂቲኬቢውልደር ተረከበ፤ እሱ የጂቲኬው አካል ስለሆነ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። ግሌድም ለጂቲኬ 4 አልደረሰም፤ አሁን ካምባላቼ የሚባል ተተኪ አለ። ሐሳቡ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የአንድሮይድ አፕም ብዙ ጊዜ ስክሪኑን የሚያነሳው ከኤክስኤምኤል ነው፤ አማርኛው በተለየ ፎልደር ይቀመጥና ስልኩ አማርኛ ሲሆን ይመጣል።

የአጎቴን ፕሮግራም በጂቲኬቢውልደር መልሼ ሠራሁት። አሁን አንድ የስክሪን ፋይል አለ። እያንዳንዱ በተንና ሳጥን በፋይሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለው፦ ኮዱ የሚጠራው መለያና ሰው የሚያነበው ጽሑፍ። መለያው ከተነካ ኮዱ የሚፈልገውን ያጣል፣ ፕሮግራሙም ሊወድቅ ይችላል፤ ኮምፓይለሩም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ጽሑፉን ግን እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፤ ሳጥኖቹ እንደ ቃሉ ርዝመት ስለሚሰፉና ስለሚጠቡ “ቀብድ”ም “ቅድመ ክፍያ”ም ሳይቆረጥ ይገባል። ይህን ለአጎቴ ልጅ በኖትፓድ አሳየሁትና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ “ጠቅላላ ወጪ” “ጫኝ አውራጅና መኪና” ሆኗል፣ “ሰርዝ” “ተወው” ሆኗል። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ።

ብቻ አንድ ቀን ልጁ በጎበዝነቱ “ኪሎ” የሚለውን “ኩንታል” አደረገው። ስክሪኑ እሺ አለ። ኮዱ ግን የሚያባዛው በአንድ ኪሎ ዋጋ ነው። 12 ኩንታል ያስረከበ ገበሬ የ12 ኪሎ ሒሳብ ወጣለት፤ ወረቀቱን አይቶ ሳቀና “ልጄ፣ ማሽንህ ሌባ ነው” አለው። ደግነቱ ደብተሩ አልተጣለም ነበር።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኔ ነው። መለኪያው ጽሑፍ ብቻ መስሎ ስክሪን ላይ መቀመጥ አልነበረበትም። አሁን ኪሎና ኩንታልን ከዝርዝር ይመርጣል፤ ማባዛቱን ኮዱ ያውቃል።

የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ማንም የማይናገረው አማርኛ የተጻፈበት ፕሮግራም ካለ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። የሰውና የገንዘብ መረጃ ካለበት ሸፍኑት። እናንተ በአፋችሁ የምትሉትን ቃል ከሥሩ መጻፍ አትርሱ።